ነበር ባይሰበር፤ ያለፈውን ታሪክ ስለ መለወጥ ምኞት

«ነበር ባይሰበር» ይላል ያገራችን ሰው። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ስለ ጊዜ ባሕርይ ከተጻፉ ብዙ ድርሳናት ያልተናነሰ ቁም ነገር ተሸክሟል። ዕቃው እንደ ተሰበረ ተናጋሪው ያውቃል፤ ስብርባሪው በፊቱ ተበትኗል። ይሁንና «ባይሰበር» የምትለዋን ቃል ከአንደበቱ ሊያስቀራት አይችልም። የሆነውን እንዳልሆነ አድርጎ ማሰብ፣ ያለፈውን በሐሳብ እያገላበጡ ማረም የሰው ልጅ ባሕርይ ነውና። ማታ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ የቀኑን ክርክር እንደገና ያልተከራከረ፣ በዚህኛው ዙር ደግሞ ያላሸነፈ ማን አለ? ግለሰብ የራሱን ቀን እንዲህ እንደሚያርም ሁሉ ሕዝብም የራሱን ዘመን ሊያርም ይመኛል። «ያ ጦርነት ባይደረግ»፣ «ያ ውል ባይፈረም»፣ «ያ ሰው ባይወለድ» ይላል።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ይህ ነው። ወደ ኋላ ተመልሶ ታሪክን መለወጥ ቢቻል ኖሮ ምን ይከተል ነበር? ቢቻልስ ሊደረግ ይገባ ነበርን? ጥያቄው በመጀመሪያ ያስቃል፤ ደራሲያንና ፈላስፎችም ከመቶ ዓመት በላይ ሲሥቁበት ኖረዋል። ዳሩ ግን ሣቁ ካለፈ በኋላ ኃላፊነትን የሚመለከት ከባድ ነገር ከሥሩ ይገኛል።

ቋንቋችን ራሱ በዚህ ጉዳይ አቋሙ የተደላደለ አይደለም። «በፊት» ስንል ያለፈውን ማለታችን ነው፤ «ወደ ፊት» ስንል ደግሞ የሚመጣውን። «ወደ ኋላ» የቀረው ትናንት ነው፤ «በኋላ» የሚሆነው ግን ነገ ነው። የዘመን አቆጣጠራችንም ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚዘገይ፣ ከባሕር ማዶ ተነሥቶ ቦሌ የሚወርድ እንግዳ ሁሉ ያለ አንዳች መኪና ወደ ኋላ ተጉዟል ማለት ነው። እርጅና ያሳሰበው ሰው በዚህ ደስ ሊለው ይችላል፤ መስተዋት ሲያይ ግን ሽበቱ አብሮት ተሻግሮ ያገኘዋል።

ወደ ፊት የሚደረገው ጉዞ ብዙ ችግር የለበትም። አባቶቻችንም ከጥንት ጀምሮ ያውቁታል። ነቢዩ ኤርምያስን ከጉድጓድ ያወጣው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ፣ በግዕዝ መጻሕፍት እንደሚተረከው፣ የኢየሩሳሌምን ጥፋት እንዳያይ በለስ ሊያመጣ ተላከ፤ ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት ጋደም ቢል 66 ዓመት ተኛ። ሲነቃ ገና እንቅልፉን ያልጠገበ መሰለው። በቅርጫቱ ያለው በለስ አሁን የተቆረጠ ይመስል ወተቱ ይንጠባጠባል። ወደ ከተማይቱ ቢገባ ግን ቤቱንም ዘመዱንም አጣ፤ መንገድ የሳተ መስሎትም ግራ ተጋባ። ታሪኩ አሳዛኝም አስቂኝም ነው፤ ሆኖም ከሕገ ልቡና ጋር አይጣላም። አቤሜሌክ የዘለለው ዘመን ያለ እርሱ አለፈ እንጂ በእርሱ ምክንያት አልተዛባም።

ጣጣው የሚመጣው ወደ ኋላ ሲኬድ ነው። እንግሊዛዊው ኤች. ጂ. ዌልስ «የጊዜ መኪና» የተሰኘውን ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1895 ሲያሳትም መንገደኛውን እስከ 802,701 ዓመት ድረስ ወደ ፊት ሰደደው እንጂ አያቶቹ ዘንድ አላከውም። ፈረንሳዊው ረኔ ባርዣቬል ግን እ.ኤ.አ. በ1944 በመጽሐፍ ባወጣው ታሪክ ይህን ደፈረ። የእርሱ መንገደኛ ወደ 1793 ተመልሶ በቱሎን ከበባ ላይ ወጣቱን መኮንን ናፖሊዮን ቦናፓርትን ሊገድል ይተኩሳል። በመካከሉ አንድ ወታደር ዘው ብሎ ይገባና ጥይቱን ይቀበላል። ሟቹ ለካስ የተኳሹ የራሱ ቅድመ አያት ኖሯል! ቅድመ አያት ሳይወልድ ከሞተ ተኳሹ አልተወለደም፤ ካልተወለደ አልተኮሰም፤ ካልተኮሰ ቅድመ አያቱ አልሞተም፤ ካልሞተ ይወልዳል፤ ከወለደም ተኳሹ ይመጣና ይተኩሳል። ነገሩ እንደ እንዝርት ይሾራል። የሥነ ጽሑፍ ምሁራኖቻችን «አያዎ» የሚሉት፣ «አይ» እና «አዎ» በአንድ ትንፋሽ የሚነገሩበት አባባል፣ ከዚህ የጠራ ምሳሌ አይገኝለትም።

ይህን ተራ ቧልት ነው ብለው ለማለፍ የሳይንስ ሰዎች አልፈቀዱም። ኩርት ጎደል እ.ኤ.አ. በ1949 የአይንስታይንን እኩልታዎች መርምሮ፣ መላው ዓለም የሚሽከረከር ቢሆን ኖሮ ወደ ራስ ያለፈ ዘመን የሚያደርስ መንገድ በስሌት እንደማይከለከል አሳየ። ስቴፈን ሆኪንግ በበኩሉ በኬምብሪጅ እ.ኤ.አ. ሰኔ 28 ቀን 2009 ለጊዜ መንገደኞች ግብዣ አዘጋጅቶ የጥሪውን ወረቀት ከግብዣው በኋላ አሰራጨ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ጥሪውን ሊያውቅ የሚችለው ከወደ ፊት የመጣ ሰው ብቻ ነውና። ማንም አልመጣም። ሆኪንግ ይህን እንደ ማስረጃ ቆጠረው። አንድ ነገር ግን ሳይዘነጋ አልቀረም፤ ተጋባዡ ያገራችን ሰው ቢሆን ኖሮ ቀኑን በራሱ አቆጣጠር ቆጥሮ ስምንት ዓመት ከሳምንት ዘግይቶ በሩን ባንኳኳ ነበር።

ከፈላስፎች ወገን አሜሪካዊው ዴቪድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተመው ጽሑፍ አያዎውን ለመፍታት ሞክሯል። አያቱን ሊገድል የተመለሰ ሰው መሣሪያ አለው፤ ዒላማውም ቅርብ ነው፤ ስለዚህ መግደል ይችላል። አያቱ ግን ኖሮ እንደ ወለደ የታወቀ ነውና መግደል አይችልም። «ይችላል» ስንል ከምን ጋር አገናዝበን እንደ ሆነ ከታየ ሁለቱ አይጋጩም ይላል ሉዊስ። ሰውየው ቢሞክር አንድ ተራ ነገር ያሰናክለዋል፤ ጠመንጃው ይከሽፋል፣ ወይም እጁ ይስታል። መድረክ ላይ ሰው ወድቆ ተመልካች የሚሥቅበት ያ ያረጀ ብልሃት በዚህ አኳኋን የዓለም ሥርዓት ዘበኛ ይሆናል። ቁም ነገሩ ግን ከሣቁ በላይ ነው። መንገደኛው ወደ ትናንት ሄዶ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ ያደረገውን ሁሉ ትናንትም አድርጎት ነበር።

ጸሐፌ ተውኔቶች ደግሞ ከፈላስፎች የተሰወረ ሌላ ገጽ አይተዋል። ቭላዲሚር ማያኮቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1930 ለመድረክ በበቃው «መታጠቢያ ቤት» በተባለው ተውኔቱ ከ2030 የመጣች መልእክተኛን ያሳየናል፤ የዘመኑ ሰዎች ከእርሷ ጋር ሊሳፈሩ ይሰናዳሉ። ዋናው ቢሮክራት ፖቤዶኖሲኮቭ በቅድሚያ የሚጨነቀው ስለ ጉዞ ማዘዣውና ለ100 ዓመት ስለሚታሰብለት የውሎ አበል ነው። በፍጻሜው የጊዜ መኪናይቱ እርሱንና መሰሎቹን ጥላቸው ትሄዳለች። ማያኮቭስኪ የቀጠረው 2030 እነሆ ከደጃችን ደርሷል፤ አበል ጠያቂው ግን በእግሩም ቢሆን ሳይቀድመን አልቀረም።

ሚኻይል ቡልጋኮቭም «ኢቫን ቫሲልየቪች» የተባለውን ቧልታይ ተውኔት ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1936 ለሕዝብ ሊታይ ሲል ታገደበት፤ ደራሲው በ1940 ሞተ፤ ተውኔቱ የታተመው በ1965፣ በሊዮኒድ ጋይዳይ ፊልም የሆነውም በ1973 ነው። በአንድ መሐንዲስ መኪና የተነሣ አስፈሪው ዛር ኢቫን በሞስኮ ጠባብ የጋራ መኖሪያ ቤት ውስጥ ይገኛል። መልኩ ከዛሩ ጋር አንድ የሆነው የሕንጻው ተቆጣጣሪ ቡንሻ ደግሞ በ16ኛው መቶ ዘመን ዙፋን ላይ ይቀመጣል። አብሮት የሄደው ሌባ ለስዊድን አምባሳደር አንድ ወረዳ ያላንዳች ማመንታት መርቆ ይሰጣል። ሁለቱ ደራሲያን የሚሉን አንድ ነው፤ ዘመን ሊለውጥ የሚሄድ ሰው ራሱን ይዞ ይሄዳል፤ ሌብነቱንም ሆነ የአበል ጥያቄውን ከድንበር ላይ የሚቀበለው የለም።

አሁን ነገሩን ወደ ራሳችን ታሪክ እናምጣው። አንድ የሰዋስው መምህር የጊዜ መኪና አገኘ እንበል። ማንንም መግደል የማይሻ የዋህ ሰው ነው፤ ሊያርም የሚፈልገው አንድ ግስ ብቻ ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖረው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት አጋዥነት ሊጠቀም እንደሚችል ይናገራል፤ የኢጣልያንኛው ግን ይህንኑ ግዴታ ያደርገዋል። ከዚህ ልዩነት ጠቡ ከረረ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከሁለቱም ወገን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደቁ። መምህራችን ቀይ እርሳሱን ይዞ ውጫሌ ይወርዳል፤ ከፊርማው በፊት የኢጣልያንኛውን ግስ ያርማል፤ በሠራው ሥራ ረክቶ ይመለሳል።

ምን ይጠብቀዋል? የካቲት 23 ተራ የሥራ ቀን ሆኗል። በክፍሉ ገብቶ «አድዋ» ቢል ተማሪዎቹ የከተማ ስም መሆኑን ብቻ ይነግሩታል። በዓለም ላይ ያሉ ጥቁር ሕዝቦች ሁሉ በኩራት የሚያነሡት ድል የለም። በዚህ ላይ ደግሞ 17ኛውን አንቀጽ የሚያስታውስ አንድ ሰው አይገኝም፤ ያልተጣሉበትን ግስ ማን ያስታውሳል? አንቀጹ በየትምህርት ቤቱ የታወቀው አድዋ ስላሳወቀው ነው። እንግዲያው መምህሩ ያላወቀውን ስህተት ሊያርም እንዴት ሄደ? የባርዣቬል ቅድመ አያት የሰዋስው ካባ ደርቦ ተመልሶ መጣ።

አንባቢ እዚህ ላይ «ድሉ እንዳይቀርብን ሲባል ሟቾቹ ይሙቱ ልንል ነውን?» ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። መምህሩ ያሰበው ስለ ወደቁት ሰዎች ነበርና በአሳቡ አይነቀፍም። የተሳሳተው በሌላ ነገር ነው። ስለ ታሪክ አካሄድ ሁለት ተቃራኒ ግምቶች አሉ። በአንደኛው መሠረት ጥቃቅኑ ሁሉ ታላቁን ይገለብጣል፤ አሜሪካዊው ሬይ ብራድበሪ እ.ኤ.አ. በ1952 ባሳተመው አጭር ልብ ወለድ አንድ አዳኝ በጥንተ ዓለም ቢራቢሮ ረግጦ ሲመለስ የቋንቋው አጻጻፍ ተለውጦ፣ የምርጫውም ውጤት ተገልብጦ ያገኛል። በሁለተኛው መሠረት ጥቃቅኑ ምንም አይለውጥም፤ ጆርጂ ፕሌኻኖቭ እ.ኤ.አ. በ1898 ስለ ግለሰብ ሚና በጻፈው ድርሰት፣ ሮቤስፒየር በጥር 1793 ጡብ ወድቆበት ቢሞት ኖሮ ቦታውን ሌላ ሰው ይይዝ እንደ ነበር ይከራከራል።

ቢራቢሮዋንና ጡቡን ይዘን ወደ ውጫሌ ስንመለስ ሚዛኑ ወደ ጡቡ ያደላል። ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1885 ነው፤ የአውሮፓ መንግሥታት ስለ አፍሪካ በበርሊን የመከሩትም በዚያው ክረምታቸው ነው። የዶጋሊ ውጊያ የተደረገው በጥር 1879 ዓ.ም. ሲሆን፣ ይህም ውሉ ከመፈረሙ ከሁለት ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ግሱ ጦርነቱን አልወለደም፤ ጦርነቱን የፈለገ ኃይል ግሱን አገኘ። ያ ቢታረም ሌላ ግስ አይጠፋም ነበር። መምህሩ ታሪክን በአንድ ብሎን የተያዘ መኪና አስመሰለው። በዚህም ሰበብን ከምክንያት ጋር ቀላቀለ።

ይህ ጉዳይ የቃላት ጨዋታ ብቻ ለሚመስለው ሰው ክብደቱን የሚያሳይ ሌላ ቀን አለ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ጣሉ። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። በዚያው ቀንና በተከታዮቹ ቀናት በአዲስ አበባ በሺህ የሚቆጠሩ ሰላማውያን ሰዎች ተጨፈጨፉ፤ ቤቶች ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት በጥይት ተረሸኑ።

የጊዜ መኪና ተሰጥቶን ወደዚያ ቀን ብንላክ ምን እናደርጋለን? ለእጃችን የሚቀርበው ብሎን የታወቀ ነው። በቤተ መንግሥቱ በር ላይ ቆሞ የሁለቱን ወጣቶች እጅ መያዝ፣ ቦምቡን መቀማት፣ ብዙ ሺህ ሕይወት ማዳን። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት መንገደኛው ከማን ወገን እንደ ቆመ ልብ እንበል። ከግራዚያኒ ዘበኞች ጎን ቆሟል! በጎ አሳቢ ሆኖ ሳለ ነፍሰ ገዳዮቹን ትቶ ወገኖቹን ያዘ። ይህን ያደረገው ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ ገዳዩን ከመመለስ ይልቅ ሰበቡን መያዝ ስለሚቀል ነው።

ይህን ለማድረግ ደግሞ መኪና አያስፈልግም። «ባይነኳቸው ኖሮ»፣ «ዝም ቢሉ ኖሮ»፣ «በዚያ መንገድ ባትሄድ ኖሮ» ያልን ጊዜ ሁሉ ያው መንገደኛ ሆነናል። ከጭፍጨፋ በኋላ፣ ከድብደባ በኋላ፣ ከግፍ በኋላ የሚሰማው ይህ ቃል ለሟች የሚያዝን ይመስላል፤ ሥራው ግን በደለኛውን ከነገሩ ማውጣት ነው። ቦምቡ ባይጣል ኖሮ ያ ቀን በሌላ መልክ ያልፍ ይሆናል፤ ይህ የመንስኤና የውጤት ጉዳይ ነው። ጭፍጨፋውን ያዘዙና የፈጸሙት ሰዎች ግን እጃቸውን መሰብሰብ እየቻሉ አልሰበሰቡም፤ ይህ የኃላፊነት ጉዳይ ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን የሚያስቀምጥ ሰው የሒሳብ ስህተት ብቻ ሳይሆን የፍርድ ስህተት ይሠራል።

አያዎው በሌላ በር ደግሞ ይገባል። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ዴሬክ ፓርፊት እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ ወላጆች የተገናኙበት ጊዜ ጥቂት ቢዛነፍ የሚወለደው ሌላ ሰው ነው። ከወረራው ዘመን በኋላ የተወለድን ሰዎች አያቶቻችን በስደት፣ በዱር፣ በእስር የተዘዋወሩበት መንገድ ውጤቶች ነን። «ያ ዘመን ባይመጣ» ስንል ሳናውቀው «እኛም ባንወለድ» እያልን ነው። ታዲያ በመኖራችን ስለ ተደሰትን ጭፍጨፋው መልካም ነበር እንበልን? ጤነኛ ልብ ያለው ሰው እንዲህ አይልም። በሕይወት መደሰታችን ለበደለኛ የተጻፈ ደረሰኝ አይደለም። «ባልሆነ ኖሮ» የሚለውን ሐዘንና «እንኳን ኖርሁ» የሚለውን ደስታ በአንድ ልብ መሸከም ይቻላል፤ ይገባልም። ከሁለቱ አንዱን የጣለ ወይ ሟቹን ይረሳል፣ ወይ ሕያው ሆኖ ሳለ ሬሳ ይሆናል።

ያለፈውን መለወጥ ያቃተው ሰው መዝገቡን ለመለወጥ ይነሣል። ላቭረንቲ ቤሪያ እ.ኤ.አ. በ1953 ከሥልጣን ወድቆ በተገደለ ማግሥት የታላቁ ሶቪየት ኢንሳይክሎፒዲያ ደንበኞች አንድ ፖስታ ደረሳቸው። የቤሪያን ገጽ በመቀስ ወይም በምላጭ ቆርጠው አውጥተው በምትኩ የተላከላቸውን፣ ስለ ቤሪንግ ባሕር የሚያትተውን ገጽ እንዲለጥፉ ተነገራቸው። ሰው ጠፍቶ ባሕር በቦታው ተተካ። ነገር ግን ይህን እንዴት አወቅነው? መቁረጡ ራሱ ታሪክ ሆኖ ስለ ተጻፈ ነው። የብራና መጻሕፍቶቻችንም ይህን ያውቃሉ። በአንዳንዶቹ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ ባለቤት ተጽፎበታል። የተፋቀው ቦታ ግን ይሻክራል፤ አንባቢ ጣቱን ሲያሳልፍበት አንድ ሰው ከዚህ ቦታ እንደ ተወገደ ይገባዋል። ፋቂው የሌላውን ስም ሊያጠፋ ተነሥቶ የራሱን ሥራ ጽፎ ሄደ።

ከዚህ የተሻለ መንገድ እንዳለ የሚመሰክር አንድ ትንሽ ሐውልት በስድስት ኪሎ አለ። የቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ያ ቦምብ የተጣለበት ግቢ፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው። በዚያው ግቢ ፋሺስቶች የገነቡት ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ወዴትም አያደርስም፤ እያንዳንዱ እርከን እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ ሙሶሊኒ በሥልጣን የቆየበትን አንድ ዓመት ይቆጥራል። ከነጻነት በኋላ ሰዎች ደረጃውን ሊንዱት ይችሉ ነበር። አልናዱትም። ከመጨረሻው እርከን ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። ከግቢው ውጭ በአደባባዩ ላይ ደግሞ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይታያል። ከእርከኖቹ አንድም አልተነሣም፤ የፋሺስቱ ዘመን ምን ያህል እንደ ቆየ አሁንም ሊቆጠር ይችላል። የደረጃው ትርጉም ግን ከሥሩ ተለውጧል።

ታሪክን ለመለወጥ ለሰው ልጅ የተፈቀደው ይህ ብቻ ይመስለኛል። የሆነውን እንደ ሆነ መተው፣ በላዩም ላይ የራስን እርከን መጨመር። የታሪክ መምህር እርከኖቹን ሳይዘል ያስቆጥራል፤ ሰበብን ከምክንያት፣ ምክንያትንም ከበደል እንዲለዩ ተማሪዎቹን ያለማምዳል። ጸሐፌ ተውኔትና ሠዓሊ ደግሞ «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን ጨዋታ የመጫወት ሙሉ መብት አላቸው፤ መድረክ ከጥንት ጀምሮ የጊዜ መኪና ነውና። ዳሩ ግን ከዚህ መኪና የሚወርድ ተመልካች ወደ ቤቱ ሲሄድ የሟቾቹ ቁጥር እንዳይቀንስበት፣ ገዳዮቹም እንዳይሰወሩበት ኃላፊነቱ የከያኒው ነው።

ወደ ፊት የጊዜ መኪና የሚሠራ ትውልድ ቢመጣ እርሱም ወደ ኋላ ተመልሶ ሊያርመው የሚመኘው ቀን ይኖረዋል። ያ ቀን ዛሬ ሊሆን ይችላል። ከእርሱ ይልቅ እኛ እዚህ ነን፤ አያታችንን መግደል አያስፈልገንም፤ ማዘዣና አበልም አንጠብቅም። ለዚህ ዓይነቱ ጊዜ አባቶቻችን ሌላ ባለ ሁለት ቃል ምሳሌ ትተውልናል፦ ሳይቃጠል በቅጠል።